ፕሮሶፒስ ባለበት እንጠቀምበት፣ በሌለበት አንትከለው

ሰሞኑን በቴሌግራምና በፌስቡክ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ርዕሱ «ፕሮሶፒስ፦ የበረሃው በረከት» ይላል። ፕሮሶፒስ ከውጭ የገባ፣ በቆላው የተስፋፋ እሾሃማ ዛፍ ነው። ለኔም ከአንድ በላይ ሰው ልኮልኛል። አንዱ ሚንጃር ቆላ ላይ መሬት ያለው የአጎቴ ልጅ ነው። ከሥሩ «ዘሩ የት ይገኛል?» የሚል ጥያቄ ጨምሮበታል። ዝም ብዬ እንዳላልፍ ያደረገኝ ይህ ጥያቄ ነው። መካከለኛው አዋሽ ላይ በእርሻ ሥራ ለዓመታት ስቆይ ከዚህ ዛፍ ጋር ስታገል ነው የኖርኩት። ዘመዴ ዘሩን ከማግኘቱ በፊት ይህን ቢያነብልኝ ደስ ይለኛል።

መጀመሪያ ጽሑፉ የሚለውን በትክክል ላስቀምጥ። ፕሮሶፒስ ሌላ ዛፍ በማይበቅልበት ደረቅና ጨዋማ መሬት ቶሎ ያድጋል፤ ስለዚህ በረሃማነትን ይገታል ይላል። ፍሬው ለከብት፣ ለፍየልና ለግመል መኖ ነው ይላል። ከሰሉ ጥሩ ስለሆነ ለወጣቶች ገቢ ይሆናል፣ አገር በቀል ዛፎችንም ከመጥረቢያ ያድናል ይላል። አፈርን ያዳብራል ይላል። «ወራሪ» መባሉ የአያያዝ ጉድለት እንጂ የዛፉ ጥፋት አይደለም፤ በየጊዜው የሚገረዝና የሚሳሳ ከሆነ ከአጥር አይወጣም ይላል። በመጨረሻም ፔሩና ህንድ ተጠቅመውበታል፣ እኛስ ምን ይጎድለናል ብሎ ይጠይቃል።

ከዚህ ጋር የአተካከል መመሪያ አለው። ዘሩን የፈላ ውሃ አፍስሳችሁበት አሳድሩት፣ በፕላስቲክ ከረጢት አፍሉት፣ ክረምት ሲገባ ችግኙን በአጥር ዳር በተርታ ትከሉት፣ የመጀመሪያዎቹን ወራት ውሃ አጠጡት፣ ከዚያ ቅርንጫፉን እየገረዛችሁ በአንድ ግንድ አሳድጉት። መመሪያው በሙያው ስህተት የለበትም። የሚያሳስበኝም ይኸው ነው፤ የተከተለው ሰው ይሳካለታል።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ። ፕሮሶፒስ በደረቅና በጨዋማ መሬት ይበቅላል መባሉ እውነት ነው። ወደ አገራችን የመጣውም ለዚሁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ነፋስና አሸዋ እንዲከላከል፣ ጥላ እንዲሰጥ፣ አፈር እንዲይዝ ተብሎ መካከለኛው አዋሽ በጥጥ እርሻዎቹ ዙሪያ ተተከለ። ድሬዳዋ አካባቢም ገባ። በኋላም በምግብ ለሥራ ፕሮግራም ችግኙ በብዛት ተሠራጨ። አፋሮች «ደርጊ ሃራ» ይሉታል፤ የደርግ ዛፍ ማለት ነው። የተከሉት ሰዎች ክፋት አልነበራቸውም። የነሱም ሐሳብ ዛሬ በቴሌግራም ከሚዞረው ጽሑፍ የተለየ አልነበረም። እኛ ግን ከነሱ የተሻለ ዕድል አለን፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን አይተናል።

የሆነው ይህ ነው። በአፋር ክልል ብቻ ዛፉ የሸፈነው መሬት ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ሆኗል። የክልሉን ስፋት 12 በመቶ ገደማ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ማንም አልተከለውም። የተተከለው ጥቂት ነው፤ የቀረውን ከብቱ፣ ጎርፉና መንገዱ ዘሩት። አሁን በፈንታሌና በመተሐራ፣ በራያ ቆላ፣ በሰሜን ሸዋ ከአፋር በሚዋሰኑ ቀበሌዎችም ይታያል። የዘመዴ ሚንጃር ከዚህ ሩቅ አይደለም።

አረንጓዴ ሆኗል ወይ? ሆኗል። ከአውሮፕላን ቢያዩት የአፋር ወረዳዎቹ ገዋኔና አሚባራ ለምለም ናቸው። አርብቶ አደሩ የሚፈልገው ግን ሣር ነው። በጥቅጥቅ ፕሮሶፒስ ሥር ሣር አይበቅልም። ጥላው ይከለክለዋል፤ የሚረግፈው ቅጠል የሌላውን ዘር እንዳይበቅል የሚያደርግ ንጥረ ነገር አለው፤ እርጥበቱንም ሥሩ ይወስደዋል። ቅጠሉን ደግሞ እንስሳት ስለማይወዱት አይበሉትም። አዋሽ ዳር ያለው መሬት ለአፋር ከብት የድርቅ ጊዜ መሸሸጊያ ነበር። ደጋው ሲደርቅ፣ ቆላው ሲነድ፣ ከብቱ የሚወርደው ወደዚያ ነው። ፕሮሶፒስ መጀመሪያ የያዘው ያንኑ መሬት ነው፤ ውሃ የሚቀርበው፣ ጎርፍ ዘር የሚያመጣለት ቦታ ስለሆነ። ከብቱ ወንዙን እያየ የሚወርድበት መንገድ ያጣባቸው ቦታዎች አሉ። አላይደጌ ሜዳ ላይ የቀረው የግሬቪ የሜዳ አህያም ግጦሹ እየጠበበበት ነው።

ውሃን በተመለከተ ጽሑፉ «ያለ ውሃ ያድጋል» ይላል። ያለ ዝናብ ያድጋል ቢል ይሻል ነበር። ሥሩ እስከ ከርሰ ምድር ውሃ ይወርዳል፤ ስለዚህ ሌላው ሲደርቅ እሱ ዓመቱን ሙሉ ለምለም ነው። በአፋር የተደረገ ጥናት አንድ ዛፍ በቀን በአማካይ 7 ሊትር ያህል ውሃ እንደሚጠቀም አሳይቷል። ለአንድ ዛፍ ይህ ብዙ አይደለም፤ በዚህ ከጸሐፊው ጋር አልጣላም። ችግሩ የዛፎቹ ብዛት ላይ ነው። በክልሉ ያሉት ሁሉ ሲደመሩ በዓመት ከ3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውሃ ይወስዳሉ። አዋሽ ወደ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ የሚያልቅ ወንዝ ነው። የጥጡም፣ የስንዴውም፣ የሸንኮራውም፣ የከብቱም ውሃ ከሱ ነው የሚቀዳው።

ሁለተኛው ነጥብ መኖ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚታለለው በዚህ ነው።

ፍሬው ሲደርስ ቢጫ ይሆናል። ረዘም ያለ፣ ጣፋጭ፣ ፕሮቲንም ስኳርም ያለው ፍሬ ነው። ፍየል አንዴ ከቀመሰችው ከሥሩ አትጠፋም። ጸሐፊው «እንስሳት ይወዱታል» ያሉት ትክክል ነው። የዛፉ ትልቁ ጉልበትም ይህ ነው። ዘሩ በጠንካራ ሽፋን ተጠቅልሏል። ያንን ሽፋን ለማለስለስ ነው ጽሑፉ የፈላ ውሃ ያዘዘው። የላም ሆድ ግን ይህንኑ ሥራ በነጻ ይሠራል። ዘሩ በሆዷ አልፎ፣ ሽፋኑ ላልቶ፣ ከእበቱ ጋር ይወርዳል፤ እርጥበትም ማዳበሪያም አብሮት አለ። ዝናብ ሲጥል ከብት ያደረበትን ቦታ ሄዳችሁ እዩ። እያንዳንዱ የደረቀ እበት ላይ ቡቃያ ተጠጋግቶ ቆሞ ታገኛላችሁ፤ በአንዱ ላይ ብቻ ለመቁጠር የሚያሰለች። በጣታችሁ ብትነቅሉት ያኔ በቀላሉ ይነቀላል። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ግን ሥሩ ከላዩ ቁመት በብዙ እጥፍ ጠልቆ ስለሚገባ መቆፈሪያ ይፈልጋል።

ከብቱ የሚሄድበት ሁሉ ዘሩም ይሄዳል። ገበያ የወጣ በሬ፣ ለጨው የሄደ ግመል፣ በአይሱዙ የተጫነ ፍየል፣ ሁሉም ዘር ተሸካሚ ነው። ፍየልና በግ ከላም ይልቅ አላምጠው የተወሰነውን ዘር ይሰብሩታል፤ የተረፈውም ግን ይበቃል።

ስለ እንስሳቱ ጤናም ጽሑፉ ዝም ብሏል። ፍሬው ጥቂት ሲሆን አይጎዳም። ድርቅ ሲሆንና ሌላ የሚበላ ሲጠፋ ግን ከብቱ የሚበላው እሱን ብቻ ይሆናል። ያኔ ሆድ ይታሰራል። ለረጅም ጊዜ ሲበላ ደግሞ በውስጡ ያለው መርዛማ ንጥረ ነገር የመንጋጋንና የምላስን ነርቭ ይጎዳል። ብራዚል ውስጥ በዚህ የተነሣ የከብቱ ፊት ይጣመማል፤ ማኘክ አቅቶት፣ ለሃጩ እየተዝረከረከ ይከሳል። ኬንያ ውስጥ፣ ባሪንጎ፣ ጣፋጩ ፍሬ የፍየሎቹን ጥርስ አበላሽቶ ጨረሰው። የአካባቢው ሰዎች ዛፉን ያስገባብን መንግሥት ነው ብለው ከሰሱ፤ ጥርስ የሌላት ፍየልም ለማስረጃ ፍርድ ቤት አቀረቡ።

በዚህ ነጥብ የምቀበለው አለ። ፍሬው ተለቅሞ፣ ደርቆ፣ በወፍጮ ከተፈጨ ዘሩ ይሞታል፤ ዱቄቱም ከፉርሽካና ከፋጉሎ ጋር በልክ ሲቀላቀል ጥሩ መኖ ነው። አፋር ውስጥ ይህ ተሞክሯል፤ ወፍጮም ተተክሎ ነበር። እኔም እደግፈዋለሁ። ግን የሚፈጨው ፍሬ ከየት ይምጣ? ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ዛፍ ቆሞ እየተራገፈ ነው። ለወፍጮ ፍሬ አጥቶ አዲስ የሚተክል ሰው ሊኖር አይገባም።

ወደ ከሰሉ ልለፍ። ከሰሉ ጥሩ ነው፤ ጠንካራ ነው፤ ቶሎ አያልቅም። ከመካከለኛው አዋሽ ወደ አዲስ አበባና ወደ አዳማ በጆንያ ሲጫን የኖረ ነው። ለብዙ ወጣት እንጀራ ሆኗል፤ ይህን የሚክድ ሰው አካባቢውን አያውቅም።

ጽሑፉ ሁለት ነገር ግን ዘሏል። አንደኛው ጉቶው ነው። ከሰል አክሳይ ዛፉን ከመሬት በላይ ቆርጦ ይሄዳል። ማንም ቢሆን እሾህ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ሥር መቆፈር አይፈልግም። ፕሮሶፒስ ደግሞ የሚያቆጠቁጥበት ቦታ ከአፈር በታች ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ ግንዱና ሥሩ ከሚገናኙበት ላይ ነው። ከላይ የተቆረጠው ጉቶ በሳምንታት ውስጥ በአንድ ግንድ ፈንታ ብዙ ቀጫጭን ግንድ ያወጣል። መጀመሪያ ሰው በመካከላቸው ሊያልፍ ይችል የነበረ ዛፎች፣ ከሁለት ሦስት ቆረጣ በኋላ ውሻ እንኳ የማያሳልፍ ጫካ ይሆናሉ። ዛፉ እንዲሞት ከተፈለገ አፈሩ ተቆፍሮ ቢያንስ አንድ ስንዝር ከመሬት በታች መቆረጥ አለበት። ይህ ጉልበት ነው፤ ጉልበቱን ደግሞ የከሰሉ ዋጋ አይከፍለውም። ስለዚህ የከሰል ገቢ ብቻውን ጫካውን ያሳሳል ማለት አይቻልም፤ ጉቶ ማውጣቱ ለብቻው መከፈል አለበት።

ሁለተኛው አገር በቀል ዛፎችን ያድናል የሚለው ነው። ይህ እኮ ተሞክሮ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ገዋኔና አሚባራ ላይ የተደራጁ ማኅበራት ከፕሮሶፒስ ከሰል እንዲያከስሉ ተፈቅዶላቸው ነበር። ሐሳቡ መልካም ነበር። ነገር ግን ፈቃዱን ተገን አድርጎ ግራርም አብሮ ተቆረጠ። ግራሩ ለመጥረቢያ ይቀላል፣ እሾሁ ያን ያህል አያስቸግርም፣ ከሰል ከሆነ በኋላ ደግሞ የየትኛው ዛፍ እንደሆነ ኬላ ላይ የሚለይ ሰው የለም። ክልሉ በመጨረሻ ከሰሉን አገደ። ሥራው እንደገና ይጀመር ከተባለም ቁጥጥሩ ቆረጣው ቦታ ላይ መሆን አለበት፤ ኬላ ላይ ከሰል አይቶ መፍረድ አይቻልም።

አፈርን ያዳብራል የሚለውን በአጭሩ እቀበላለሁ። ናይትሮጅን ያስገባል፤ በጥላው ሥር ያለው አፈር ጨዋማነቱ ይቀንሳል። ዛፉ ተነቅሎ ስንዴና ጥጥ የተዘራበት መሬት ላይ ይህ ጥቅም ይታያል። ጥቅሙ የሚገኘው ግን ዛፉ ከተነቀለ በኋላ ነው፤ ለመንቀያው ደግሞ ዶዘርና ነዳጅ ይጠይቃል። በሄክታር ይህን ከፍሎ አፈር የሚያዳብር ገበሬ አላውቅም። ለናይትሮጅን ከሆነ ሽምብራም ባቄላም አለልን።

አሁን ዋናው ክርክር ላይ ደርሰናል፤ «በአያያዝ ይወሰናል» የሚለው።

በአንድ ግንድ አሳድጉት፣ ቅርንጫፉን ግረዙ የሚለው ምክር ጥሩ ምክር ነው። ዛፉ ባለበት አካባቢ እንዲሠራበት እመኛለሁ። ጫካው ሲሳሳና የቀሩት ዛፎች በአንድ ግንድ ሲቆሙ ሣሩ በመጠኑ ይመለሳል፣ ከብት ያልፋል፣ እንጨቱም ወፍራም ይሆናል። ግን መግረዝ የዛፉን ቅርፅ እንጂ ፍሬውን አያስቆምም። እንዲያውም የተገረዘ፣ ብርሃን ያገኘ ዛፍ የበለጠ ያፈራል። በሁለትና በሦስት ዓመቱ ማፍራት ይጀምራል። አንዱ ፍሬ ከ10 በላይ ዘር ይይዛል። ዘሩ አፈር ውስጥ ዓመታት ይቆያል። የአጥሩ ባለቤት የዛፉን ፍሬ በሙሉ በየዓመቱ ለቅሞ ያቃጥላል ብለን እናስብ። ሲታመምስ? መሬቱን ሲሸጥስ? የጎረቤቱ ፍየል አንድ ቀን በአጥሩ ሥር ብታልፍስ? ጎርፍ ቢመጣስ? የአሚባራ የመስኖ ቦዮች በዛፉ የታፈኑት ሰው ስላልገረዘ አይደለም። ዘሩ በውሃው እየተንሳፈፈ መጥቶ ቦዩ ዳር ስለበቀለ ነው።

አያያዝ ከተባለ፣ የተደራጀ እርሻ፣ ትራክተርና የቀን ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች እንኳ ለጥቂት ዓመታት ጦም ያሳደሩትን መሬት ለፕሮሶፒስ አስረክበዋል። በነሱ ያልሆነ በአንድ ገበሬ መጥረቢያ ይሆናል ማለት ለገበሬው ከባድ ዕዳ መስጠት ነው። ዕዳውን ደግሞ የሚከፍለው እሱ ብቻ አይደለም፤ ከሱ በታች ወንዙን ይዞ የሚኖረው ሁሉ ነው።

የውጭ አገሮቹን ምሳሌ ጽሑፉ በአንድ አንቀጽ ነው ያለፈው። እኔም አላረዝመውም። ፔሩ የዛፉ አገሩ ነው። እዚያ ዘሩን የሚበሉ ነፍሳት፣ የሚያሟሽሹት ተባዮች አብረውት የኖሩ ናቸው፤ ሕዝቡም ከፍሬው ሽሮፕ ያወጣል። እኛ ጋ ዛፉ የመጣው ያለ ጠላቶቹ ነው። ደቡብ አፍሪካ ይህ ገብቷት እ.ኤ.አ. በ1987 ዘሩን የሚበላ ጢንዚዛ አስመጥታ ለቀቀች፤ እንዲያም ሆኖ ዛፉ አላለቀም። ህንድ ውስጥ እውነት ነው፣ ድሃው በማገዶና በከሰል ይጠቀምበታል። ግን ጉጃራት ውስጥ ባኒ የሚባለውን የግጦሽ ሜዳ ጠይቁ። ጨውና አሸዋ እንዲያስቆም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ተተክሎበት፣ በከብቱ የታወቀውን ሜዳ አብዛኛውን ዋጠው። ጎረቤታችን ሱዳን ደግሞ ከእኛ ቀድማ እ.ኤ.አ. በ1917 አስገብታ፣ በ1995 እንዲጠፋ ሕግ አወጣች። ጽሑፉ ሱዳንን ሳይጠቅስ ፔሩን መጥቀሱ ትልቅ ጉድለት ነው። የምንመስለው ሱዳንን ነው።

ጽሑፉ ጨርሶ ያላነሣው እሾሁን ነው። ረጅምና ጠንካራ ነው፤ የመኪና ጎማ ይበሳል፤ በረባሶ አልፎ እግር ውስጥ ይሰበራል። ቁስሉ ያመረቅዛል። በእሾህ ምክንያት እግሯ የቆሰለ ግመል መንጋውን መከተል ያቅታታል። ሌላው ወባ ነው። ዛፉ ዓመቱን ሙሉ ስለሚያብብ ትንኟ በደረቁ ወቅትም የምትቀስመው አታጣም። ማሊ ውስጥ፣ ባንዲያጋራ አካባቢ፣ ተመራማሪዎች በመንደር ዙሪያ የሚያብቡትን የፕሮሶፒስ ቅርንጫፎች ሲያስቆርጡ የወባ ትንኝ ቁጥር በእጅጉ ቀነሰ። በቤት አጥር ዙሪያ ትከሉት ለሚል ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ታዲያ ዘመዴ ምን ይትከል? ለአጥር ከሆነ ቅንጭብ አለ። ለጥላ፣ ለመኖና ለፍሬ ቁርቁራ አለ፤ ቆላውን ይችላል፣ ቅጠሉን ፍየል ይበላዋል፣ ፍሬውን ልጅ ይበላዋል። በደኖ አለ። ሮቃ ውሃ በሚጠጋበት ቦታ ይሆናል። የቆላ ግራሮች አሉ፤ ፍሬያቸው መኖ ነው፣ በሥራቸው ሣር ይበቅላል፣ ንብም ይቀስማቸዋል። ለጓሮ ሽፈራው አለ። እነዚህ እንደ ፕሮሶፒስ አይፈጥኑም፤ ጸሐፊው በፍጥነት በኩል ያሉት ትክክል ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ውሃና ጥበቃ ይፈልጋሉ። ፕሮሶፒስ ላይ ሊውል የታሰበውን ጄሪካንና አጥር ለነሱ ማዋል ነው።

ዛፉ ቀድሞ ለደረሰባቸው ደግሞ የምለው ይህ ነው። ቡቃያውን በመጀመሪያው ክረምት አፈሩ እርጥብ ሳለ ንቀሉት። ትልቁን ስትቆርጡ ጉቶውን ከአፈር በታች አውጡት። ፍሬ በልተው የመጡ ከብቶችን ንጹሕ ግጦሽ ላይ ከመልቀቃችሁ በፊት ለሳምንት ያህል በረት ውስጥ አቆዩአቸው፤ እበቱን ሰብስባችሁ አቃጥሉት። ፍሬውን በልክ አስፈጩት። ከሰሉን አክስሉ፣ ጉቶው ግን አይቅር።

ጸሐፊውን አንድ ነገር ልለምናቸው እወዳለሁ። ስለ ወፍጮው፣ ስለ መግረዙና ስለ ማሳሳቱ የጻፉት ዛፉ ባለበት አካባቢ ለሚኖር ሰው ይጠቅማል፤ እሱን ይተዉት። የዘር አፈላሉንና የችግኝ አተካከሉን ክፍል ግን ያውጡት፤ ጽሑፉንም ላጋሩት ሰዎች ማስተካከያውን ያድርሱልን። አሁን ሐምሌ ሳይገባ ነው፤ ዘር የገዛ ሰው ካለ ገና አልዘራውም። ያልተዘራውን እሳት ውስጥ መክተት ይበቃዋል።